የቆሎ ተማሪና የጎጃም ቅኔ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከአንድ ቅኔ ቤት አጠገብ ነው፤ ከከተማ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝን ከነመልሱ እነሆ።

የቆሎ ተማሪ ማለት ምን ማለት ነው?

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ወደማያውቀው አገር ተሻግሮ፣ መምህሩ ካሉበት ደብር አጠገብ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ተማሪ ነው። ስሙ ከስንቁ የመጣ ነው። ቆሎ ቶሎ አይበላሽም፣ ለመያዝ አይከብድም፣ መንገድ ላይም ጫካ ውስጥም ይበላል። ትምህርት ቤቱን የአብነት ትምህርት ቤት እንለዋለን። መምህሩ ደግሞ የኔታ ናቸው፤ «የኔ ጌታ» ከማለት ነው።

ድሮ ከሩቅ በልብሱ ይለይ ነበር። ከበግ ለምድ የተሰፋ ደበሎ፣ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ አኩፋዳ፣ እጁ ላይ ዱላ። ዱላው ለጌጥ አይደለም፣ ለውሻ ነው። ዛሬ ደበሎው በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጃኬት ተተክቶ ታዩታላችሁ፣ አኩፋዳውም አንዳንዴ ፌስታል ሆኗል። ድምፁ ግን ያው ነው፦ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ስለ ማርያም ስም ማለት ነው።

ምን ምን ይማራሉ?

መጀመሪያ ንባብ ቤት ነው። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ መጨረሻ ላይ ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ በሰፈራችን ድግስ ይደገስለት ነበር። እኔም እስከዚያ ድረስ ሄጃለሁ፣ ከዚያ በኋላ አስኳላ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት፣ ወሰደኝ።

ከንባብ ቤት በኋላ መንገዱ ይለያያል። ዜማ ቤት የዜማ መጻሕፍቱን፣ ድጓውንና ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ያስተምራል። ቅዳሴ ቤት ለክህነት ያዘጋጃል። አቋቋም ቤት ከበሮውን፣ ጸናጽሉን፣ መቋሚያውን፣ የማኅሌቱን አካሄድ ያስይዛል። ቅኔ ቤት አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጽሐፍ ቤት፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት በአንድምታ፣ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ እየፈቱ፣ የሚተረጎሙበት ነው። አንድ ሰው ሁሉንም ላዳርስ ካለ ዕድሜው ያልቃል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ አንዱን ሙያ ይዘው እስከ ጥግ የሚሄዱት።

ሁሉም ደግሞ አንድ ቦታ አይገኝም። አቋቋም ያለ ጎንደር፣ ድጓ ያለ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያለ ዙር አባ ይሄዳል። ቅኔ ያለ ጎጃም ይመጣል።

ቅኔ ምንድን ነው? ሰምና ወርቅ ሲባልስ?

ቅኔ በግእዝ የሚደረስ ግጥም ነው። ከሌላው ግጥም የሚለየው ሁልጊዜ አዲስ መሆን ስላለበት ነው። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ባለቅኔው ወረቀት አይዝም፤ ማኅሌት ላይ ቆሞ ከልቡ ያወጣዋል፣ አጠገቡ ያለው እየተቀበለ ያዜመዋል፣ ከዚያ አለቀ። ካልሰማችሁት አመለጣችሁ። ሥራውም «መዝረፍ» ነው የሚባለው፣ ቅኔ ዘረፈ እንላለን።

መጠኑ የታወቀ ነው። ጀማሪ በጉባኤ ቃና ይነሳል፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት ቤት ናቸው። ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። መወድስ ላይ የደረሰ ተማሪ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ቃል ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈሳል። ቅኔም እንዲሁ ነው፣ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም ሲቀልጥ ከሥሩ ሌላ ነገር ይወጣል። ለማሳያ ያህል አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፦ «ደበሎው ቢያድፍም ልብስ ንጹሕ ነው።» በመጀመሪያ ስትሰሙት ስለ ልብስ ነው፣ ነገሩም ይጋጫል፤ ደበሎው አድፎ እንዴት ልብሱ ንጹሕ ይሆናል? ልብስ የሚለውን ቆረጥ አድርጉት። ልብ’ስ። ልብ ግን ንጹሕ ነው። ይህ የኔ የጀማሪ ነገር ነው፣ ቅኔ ተብሎ አይቆጠርም፤ እውነተኛው በግእዝ፣ በዜማው ልክ፣ ከመጽሐፍ ታሪክ ጋር ተሳስሮ፣ ያውም ቆሞ እንደሚመጣ አስቡት።

ለምን ጎጃም የቅኔ አገር ተባለ?

መምህራኑ ስላሉ። መምህር ባለበት ተማሪ ይሰበሰባል፣ ከተማሪው መካከል ደግሞ አንዱ ተነስቶ ወንበር ይዘረጋል፣ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ይመጣል። በቅኔው ዓለም ስልቶቹ የሚጠሩት በቦታ ስም ነው፤ ዋድላ የወሎ ነው፣ ጎንጅና ዋሸራ ግን የኛ ናቸው። የጎንጁ ባለቅኔ የተዋነይ ታሪክ እስከ ዛሬ በየቅኔ ቤቱ በቃል ይነገራል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሊቃውንት ነበሩት፣ አሉትም።

በዚህ በር ያለፉ ሰዎች ቤተ ክህነት ውስጥ ብቻ አልቀሩም። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስና ዲማ ነው የተማሩት፤ በኋላ አርበኛ፣ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትርና ታላቅ ደራሲ ሆኑ። ባለቅኔውና የቴአትር ጸሐፊው ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም እንዲሁ። አንድ የገጠር ደብር ይህን ሁሉ ማውጣቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ቅኔ ቤት ውስጥ ቀኑ እንዴት ያልፋል?

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ አንድ ቀን ሙሉ እዚያ ዋልሁ። ጎጆዎቹ ከግንብ ውጭ ተደርድረዋል፣ ሁለት ሦስት ልጅ አንድ ጎጆ ይጋራል። በሩ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ነው። ውስጡ የጭስ ሽታ፣ አንድ የውኃ ጀሪካን፣ መደብ ላይ የተነጠፈ ሣር፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ አኩፋዳ።

ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ተበትነው ነበር። አንዱ ወይራ ሥር፣ አንዱ ጥድ ሥር፣ አንዱ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ። ደበሎ ወይም ብርድ ልብስ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲያያቸው የማያውቅ ሰው የተኙ ይመስለዋል። ቅኔ እየቆጠሩ ነው። የሞላለት ይነሳና የኔታ ዘንድ ሄዶ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ሰምተው ያርማሉ፣ ያፈርሱበታል፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ መጥፎ ነው፣ ልጁ ተመልሶ ወደ ዛፉ ይሄዳል። አንድ የ14 ዓመት ገደማ ልጅ በዚያ ቀን ብቻ አራት ጊዜ ሲመላለስ አየሁ። በአራተኛው የኔታ «በል እንግዲህ!» አሉት፤ ልጁ ፊቱን በደበሎው ሸፍኖ ሮጠ።

ግስ (የግእዝ ቃላትና እርባታቸውን) የሚያስጠናቸው፣ አገባብ (ሰዋስው) የሚያስረዳቸው አስነጋሪ የሚባል ከፍ ያለ ተማሪ አለ። የኔታ ለሁሉም አይደርሱም፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስተምራል። ደመወዝ የለውም።

ለምን ይለምናሉ? ቤተሰብ የላቸውም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፣ ከሁሉም በላይ በስህተት የሚመለሰውም ይህ ነው። አብዛኞቹ ቤተሰብ አላቸው። መሬት ያለው፣ ከብት ያለው አባት ያላቸው ብዙ ናቸው። የባለጸጋ ልጅም አኩፋዳ ይዞ ይወጣ ነበር፣ እንዲወጣም ይጠበቅበት ነበር። ምክንያቱም ልመናው ራሱ ትምህርት ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ነገ ሰው ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው ዛሬ ሰው ደጅ ቆሞ መጠበቅን ይልመድ፤ የሰውን ፊት ማንበብ፣ መሰደብን መቻል፣ ቁራሽ አግኝቶ ማመስገንን።

ሌላው ምክንያት የሥርዓቱ አቋም ነው። የአብነት ትምህርት ክፍያ የለውም። የመማሪያ ብር የለም፣ ካፍቴሪያ የለም፣ በጀት የለም። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ቀለበው? ገበሬው። በየቤቱ ከሚጋገረው እንጀራ አንዷ እጥፋት የተማሪ ናት። እናቴ እንጀራ ስትጋግር የመጨረሻዋን ለይታ ሌማቱ ላይ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። «ይቺ የተማሪ ናት» ትል ነበር፤ እኛ ልጆች እየራበንም አንነካትም። ማታ ውሻው ሲጮህ፣ ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል፣ እኔ ነበርሁ የምወስደው። ልጁ የኔ እኩያ ነበር። ተቀብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይልና ዳዊት የሚደግምልን ይመስል አንድ ሁለት ቃል ለእናቴ መርቆ ይሄዳል። ከሌለ ደግሞ «እግዜር ይስጥህ» ይባላል፤ ያኔ ልጁ ሳይቀየም ወደ ቀጣዩ አጥር ያልፋል።

እኔ ይህን ልመና ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከአፉ ቀንሶ የአገር ሊቅ አሳደገ። ተማሪው ነገ ቄስ ሆኖ የገበሬውን ልጅ ያጠምቅለታል፣ ሟቹን ይፈታለታል፣ ሲጣላ ያስታርቀዋል። በቃል ብቻ የቆመ ውል ነው፤ ፊርማ የለውም፣ ግን ስንት መንግሥት ሲያልፍ እሱ አላለፈም።

የለመኑትን ብቻቸውን ይበሉታል?

አይበሉም። አኩፋዳው ወደ ጎጆው ይመለሳል፣ አንድ ላይ ይፈሳል። የዳጉሳው ከጤፉ፣ ሽሮው ከጎመኑ ተቀላቅሎ። የታመመ፣ ማየት የተሳነው፣ አዲስ የመጣና ገና ደጅ የማያውቅ፣ ሁሉም ይካፈላል። የተረፈው እንጀራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ለክረምት፣ ዝናቡ አላስወጣ ሲል።

ለምን ከአገራቸው ይርቃሉ? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?

አንደኛው የሙያ ነገር ነው፣ መምህሩ ያለበት መሄድ ነው። ሁለተኛው ከቤት አጠገብ ሆኖ መማር ስለማይቻል ነው። አባት «ነገ አጨዳ አለ» ይላል፣ እናት ታሳዝናለች። ብዙዎቹ የድሮ መምህራን ሕይወታቸውን ሲያወሩ «ጠፍቼ ሄድሁ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ወላጅ ሳያውቅ ሌሊት ተነስቶ፣ ሁለት ቀን ሦስት ቀን በእግር።

ዓመቱ እንደ ተማሪው ነው። ቅኔን በሁለት በሦስት ዓመት የሚጨርስ አለ፣ አምስትም የሚቆይ አለ። ከዚያ ወደ ሌላ መምህር ሄዶ ሌላውን ስልት ካልቀመሰ ሙሉ አይባልም። ጉባኤ (የመምህሩን ማስተማሪያ) እየዞሩ 15 እና 20 ዓመት የኖሩ አሉ። ሰው ቶሎ አልገባኝም ብሎ ሲያለቅስ የኔታ የቅዱስ ያሬድን ነገር ይነግሩታል፦ ትምህርት እምቢ ብሎት ሲሰደድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አይቶ የተመለሰውን።

ደጄ ሲመጡ ምን ልስጥ? ብር ይሻላል?

ገጠር ከሆናችሁ ምግብ። የተዘጋጀ፣ የሚበላ። ሌላ ነገር ማድረግ ለሚፈልግ ደግሞ ከገንዘብ በፊት ሳሙና አስቡ። ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ደብተር። እነዚህን ለአንድ ልጅ ከምትሰጡ በቀጥታ ጉባኤ ቤቱ ድረስ ወስዳችሁ ለየኔታ ብታስረክቡ ለሁሉም ይደርሳል። ማኅበረ ቅዱሳንም ለአብነት ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ያሰባስባል፣ በዚያም በኩል ይቻላል።

ከተማ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አውቶቡስ ተራ አኩፋዳ ይዞ የቆመ ሁሉ ተማሪ ላይሆን ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ማን ዘንድ እንደሚማርና ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቁት። እውነተኛ ተማሪ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ አያፍርም። ብቻ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አትናገሩት፤ ካልሰጣችሁ «እግዜር ይስጥህ» በቂ ነው።

ሴቶች ቅኔ መማር ይችላሉ?

ይችላሉ፤ የሆነም ነገር ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያልሰማ ጎጃሜ ሊኖር አይገባም። በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፣ ከእሳቸው ተማሩ። ከዚያ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ፣ ከእሳቸው ጉባኤ የወጡ መምህራን አሉ። ቅኔ በጆሮና በልብ ስለሚሠራ ዓይን አለማየቱ አላገዳቸውም።

ያም ሆኖ የሴት ተማሪ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ደንብ ስለከለከላት ብቻ አይመስለኝም፣ ኑሮው ስላልተመቻት ነው። አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን አገር አቋርጣ፣ ጎጆ ቀልሳ፣ ማታ ደጅ ለደጅ ልትዞር አትችልም። አደጋው ብዙ ነው። ማደሪያ ቢኖር፣ በቤታቸው አቅራቢያ ጉባኤ ቢኖር ብዙ ገላነሾች እንደምናይ አምናለሁ።

ሲጨርሱ ምን ይሆናሉ?

ቄስ፣ ዲያቆን፣ መሪጌታ፣ የአብነት መምህር። አንዳንዱ ይመንናል፣ አንዳንዱ ወደ አስኳላ ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጠበቃና ጋዜጠኛ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ተመልሶ ገበሬ ይሆናል፣ ግን በሰፈሩ ሸንጎ ሲቀመጥ ቃሉ ይለያል።

አዲስ አበባ ላይ ስንት ዓመት የተማረ ሊቅ የአጥቢያ ዘበኛ ሆኖ ሲያድር አይቻለሁ። አንድ ማታ እዚያው የጥበቃ ቤት ደጃፍ ቆሜ ስለ አንድ መወድስ ጠየቅሁት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይተነፍስ አስረዳኝ። ይህ ያሳዝነኛል።

«አብሾ ጠጥተው ነው ትምህርት የሚገባቸው» ይባላል። እውነት ነው?

አብሾ የሚባል ነገር መኖሩ እውነት ነው። ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ አንዳንድ ተማሪ የሚወስደው ቅምም ነው፤ አስተናግር የተባለው ተክል ይገባበታል ይባላል። አስተናግር መርዝ ነው። አእምሮን ያቃውሳል፣ ልብን ያዘልላል፣ መጠኑ ካለፈ ይገድላል። በየአገሩ «አብሾ አለበት» የሚባል፣ ለብቻው የሚያወራ ሰው የምናውቀው በከንቱ አይደለም።

እኔ የማውቃቸው ጎበዝ ባለቅኔዎች የደረሱት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሱ ግስ በመውረድ ነው። ልጃችሁ እዚያ ካለ በግልጽ ንገሩት፣ እንዳይሞክረው።

በቴሌግራምና በፌስቡክ «መሪጌታ ነኝ፣ መፍትሔ አለኝ» የሚሉትስ?

መሪጌታ የማዕረግ ስም ነው። ማኅሌት የሚመራ፣ ዜማውንና አቋቋሙን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከቀኝ ጌታና ከግራ ጌታ ጋር የሚጠራ የደብር ሹመት ነው። የጠፋ ፍቅረኛ መመለስ፣ ገንዘብ ማብዛት፣ ዕጣ ማውጣት ሥራው አይደለም። ስልክ ቁጥር ለጥፎ «ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ሰው የቅኔ ቤት ደጅ ባይረግጥም ስሙን ለብሶታል።

ደብተራ ሁሉ አስማተኛ ነው የሚለው አሮጌ ወሬም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ክታብ የሚጽፍ፣ ጥላ ወጊ ነኝ የሚል መኖሩን አልክድም። ቤተ ክርስቲያኗ ግን ይህን ታወግዛለች፤ ማኅሌት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩትን በጥቂቶች ምክንያት በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የኛ ብቻ ነው? በሌላ እምነትና በሌላ አገርስ?

የኛ ብቻ አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ወሎ ደረሳ የሚባል የእስልምና ተማሪ አለ። ሸኹ ባሉበት ይሄዳል፣ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል፣ የሰፈሩ ሰው ይቀልበዋል። ደረሳና የቆሎ ተማሪ መንገድ ላይ ቢገናኙ ኑሯቸውን ለመግባባት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ካይሮ ያለው አል-አዝሃር ከ1000 ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ተማሪዎች በየአገራቸው ማደሪያ ነበራቸው፣ ዳቦም ይታደላቸው ነበር፤ ከኛ አካባቢ የሄዱት፣ ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞችም የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው።

ታይላንድ ውስጥ የቡድሃ መነኮሳት ጎሕ ሲቀድ ባዶ እግራቸውን ሳህናቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሰው ደጁ ላይ ተንበርክኮ ሩዝ ይሰጣል። እዚያ የሚያመሰግነው ሰጪው ነው፤ መልካም ለማድረግ ዕድል ሰጡኝ ብሎ። አውሮፓም ይህን ያውቀዋል። ማርቲን ሉተር ልጅ ሳለ አይዘናህ በሚባል የጀርመን ከተማ ሲማር፣ ከጓደኞቹ ጋር በየቤቱ ደጅ እየዘመረ ዳቦ ይለምን ነበር። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ብዙው ከካቴድራል ትምህርት ቤት ነው የወጣው። በየአገሩ ሃይማኖት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ይመስለኛል፤ እጁ ሥራ የማይሠራ፣ ፊደል ብቻ የሚቆጥር ሰው እንዲኖር ሌላውን ማሳመን።

ሕፃን ልጅን ለልመና መላክ የልጆችን መብት መጣስ አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ «ሃይማኖታችንን ነካችሁ» ብሎ መቆጣት መልስ አይሆንም። ሴኔጋል ውስጥ ታሊቤ የሚባሉ የቁርኣን ተማሪዎች አሉ። እዚያም የተጀመረው እንደኛው ነበር፣ ምግብ ነበር የሚለምኑት። ከገጠር ወደ ከተማ ሲዛወር ግን አንዳንዱ መምህር በቀን ይህን ያህል ብር አምጣ ማለት ጀመረ፣ ያላመጣ ልጅ መመታት ጀመረ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ልጆችን አስገድዶ ማስለመንን በሕግ ከለከለች፤ ችግሩ ግን አልጠፋም። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው። የተለመነው ወደ ማን ይገባል? ምግቡ የልጁ ሆድ ከገባ አንድ ነገር ነው፣ ብሩ የሌላ ሰው ኪስ ከገባ ሌላ ነገር ነው። የኛ ሥርዓት ጠንካራነቱ ምግብ መሆኑ ነው፣ እዚያው ላይ መጠበቅ አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቅ ይላል፤ ጉባኤ ቤትም ከዚህ ውጭ አይደለም። ለየኔታ ውኃ መቅዳትና እንጨት ማምጣት ያለ ነው፤ ልጁን ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ማዋል ግን ትምህርት አይባልም።

ጤናውም አለ። እከክ፣ ቅማል፣ ተስቦ፣ ግርሻ በነዚህ ጎጆዎች የታወቁ ናቸው፤ ሰው በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ፣ ልብስ ሳይቀየር፣ ውኃ ሩቅ ሆኖ ሲኖር የሚመጡ ናቸው። የቤተ ክርስቲያንን ክብር አይነካም ይህን መናገር። የሚነካው ልጅ በግርሻ ሲሞት ዝም ማለት ነው። በእኔ እምነት ንባብ ቤት በየሰፈሩ፣ ከእናት ቤት ሳይወጣ ይማርበት፤ ለቅኔ መሰደዱ ዕድሜው ከፍ ሲል ይሁን። ጉባኤ ቤቱ አጠገብ ውኃና መጸዳጃ ይኑር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንደ ማንኛውም ቤት ትግባ።

አስኳላና አብነት አንድ ላይ አይሄዱም?

እየሄዱ ያሉበት ቦታ አለ። ግማሽ ቀን መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን ጉባኤ። ዜማና ንባብ ላይ ይሠራል። ቅኔ ላይ ግን መምህራኑ ያጉረመርማሉ፣ እኔም ይገባኛል፤ ቅኔ ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል፣ ልጁ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሒሳብ የቤት ሥራ ትዝ ካለው ቤቱ አይሞላለትም። ክረምትን ሙሉ ለቅኔ፣ በጋን ለአስኳላ የሚያደርጉ አሉ፣ እሱ የተሻለ ይመስላል።

ድሮ ከነበረው ለምን ተዳከመ?

ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ መምህሩ የሚኖርበት ድርጎ አብሮ ሄደ፣ ሸክሙ በሙሉ ወደ ገበሬው ጎጆ ዞረ። ገበሬው ደግሞ ራሱ ልጁ ከተማ ሄዷል፣ መሬቱ ጠቧል፣ ማዳበሪያው ተወዷል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ተማሪውም እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም፤ ድሮ ሦስት ቀን በእግር ያለ ፍርሃት ይሄድ የነበረ ልጅ ዛሬ ወላጁ አይለቀውም።

ሌላም አለ፣ ትንሽ የሚመስል። አጥሩ ብረት ሆነ። ድሮ ከጭራሮው አጥር ውጭ የሚጠራ ድምፅ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር። አሁን ከቆርቆሮው በር ጀርባ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ማን ይሰማል?

ልጄ «ልሂድ፣ ቅኔ ልማር» ቢለኝ ምን ላድርግ?

አትቆጡት። ጠፍቶ ከሚሄድባችሁ አውቃችሁ ብትልኩት ይሻላል። ዕድሜው ገና ከሆነ በአካባቢያችሁ ካለ መምህር ዳዊቱን ያድርስ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍልም ይማር። ከዚያ የሚሄድበትን ጉባኤ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት። የኔታን አነጋግሩ፣ ጎጆውን ግቡበት፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሲታመሙ ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስዳቸው ጠይቁ። ከአገራችሁ የሄደ ከፍ ያለ ተማሪ ካለ ከእሱ ጎጆ እንዲገባ አድርጉ።

ክትባቱን ጨርሱለት። የስልክ ቁጥራችሁን በቃሉ ያጥና፣ ወረቀት ይጠፋል። ስንቅም አሲዙት፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጥቂት ሳሙና። ብርድ ልብስ ግን ሁለት ይሁን፤ አንዱን ያልያዘ ልጅ ስለሚያገኝ መስጠቱ አይቀርም።